ታፔላው ምን ይላል?

በአዲስ አበባ መንገድ በእግሩ የሚሄድ ሰው ዐይኑን የሚያውለው በሁለት ነገር ላይ ነው፤ አንደኛው ከፊቱ የሚመጣው መኪና፣ ሁለተኛው ከእግሩ ሥር ያለው ጉድጓድ ነው። በሁለቱም አልፈርድበትም። ነገር ግን ሦስተኛ ነገር አለ፤ ይኸውም ከራሱ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ በየበሩ ላይ የተቸነከረው ታፔላ ነው። ይህን ቀና ብሎ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚያነበውም ቢሆን የሚፈልገውን ሱቅ እስኪያገኝ ድረስ ብቻ ነው። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ በዚህ ሳምንት የማቀርብልዎ አሳብ ምንም ሳይፈልጉና ምንም ሳይገዙ ታፔላ ያንብቡ የሚል ነው። ወጪው የጫማ ሶል ብቻ ነው። ደመወዙ ከወሩ አጋማሽ ለማያልፍለት ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛና ኪሱ ለቀለለ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የእሑድ መዝናኛ አላውቅም።

በመጀመሪያ «ታፔላ» የሚለውን ቃል ራሱን እንመልከት። ቃሉ ከጣሊያንኛው «ታቤላ» የመጣ ነው። የመኪናው «ታርጋ»ም እንዲሁ የጣሊያንኛ ልጅ ነው። ጎማ የሚጠግነው ሰው በአሮጌ ጎማ ላይ በነጭ ቀለም «ጎሚስታ» ብሎ ጽፎ መንገድ ዳር ሲያቆም፣ መኪና የሚያጥበው ደግሞ «ላቫጆ» ሲል፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው መንገደኛ «ፌርማታ» ላይ ሲቆም፣ ሁሉም ሳያውቁት ጣሊያንኛ ይናገራሉ። «ለገሃር» ግን ፈረንሳይኛ ነው፤ «ላ ጋር» ማለት ባቡር ጣቢያ ማለት ነውና። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ፈረንሳይኛውን ይዞ መጣ። ስለዚህ የአንድ ሰፈር ታፔላዎችን በተርታ የሚያነብ ሰው፣ ማን በየትኛው በር ወደ ከተማይቱ እንደ ገባ፣ ምን ዕቃና ምን ሙያ ይዞ እንደ መጣ መዝገብ ሳይገልጥ ያውቃል። በሐዲዱ የመጣው ቃል ፈረንሳይኛ፣ በጎማና በሞተር የመጣው ጣሊያንኛ ነው፤ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ በቢሮና በትምህርት ቤት የገባው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው።

ይህን ነገር ዛሬ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱም በዛ፤ ይህን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ግድግዳ ሲፈርስ በላዩ የተጻፈውም አብሮ ይፈርሳል። ቤት ሲፈርስ ባለቤቱ በሩንና መስኮቱን፣ ቆርቆሮውንም ነቅሎ ይወስዳል፤ የሚሸጥ ነውና። በኖራ ላይ በቀለም የተጻፈውን ስም ግን ነቅሎ የሚወስድ የለም። የቆርቆሮው ታፔላም ቢሆን ብዙ ጊዜ ዕጣው የዶሮ ቤት ክዳን መሆን ነው። ለዚህ ነው «ዛሬ ያንብቡ» የምለው፤ ነገ የሚያነቡት ላያገኙ ይችላሉና።

ከካዛንቺስ ጋር በተያያዘ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነው አንባቢዬ አንድ ነገር ልብ ይበል። ይህ ስም የተወለደው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ከሚሠራው የኢጣሊያ ድርጅት አሕጽሮተ ስም ነው። «ካዛ» ቤት ነው፤ «ኢንቺስ» የድርጅቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። የእኛ ሰው ሁለቱን አጋጥሞ አንድ አደረጋቸውና ካዛንቺስ አለ። ፖፖላሬ የተባለውም ሰፈር እንዲሁ ለተራው ሕዝብ ተብለው ከተሠሩ ቤቶች ስሙን ወሰደ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ድርጅቱም ጠፋ፤ ታፔላው ግን በሰው አፍ ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ታፔላ ዕድሜው ስንት ነው? ባለሱቁን ቢጠይቁት «ድሮ ነው» ይልዎታል። «ድሮ» ደግሞ ከአምና እስከ አፄ ምኒልክ ዘመን የሚደርስ ሰፊ አገር ነው። እኔና ተማሪዎቼ የምንጠቀምባቸውን ጥቂት መክፈቻዎች ልንገርዎ።

የመጀመሪያው መክፈቻ የስልክ ቁጥር ነው። በከተማችን የመደበኛ ስልክ ቁጥር ለብዙ ጊዜ ስድስት አኃዝ ነበረ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ግን በፊቱ 011 እና አንድ ተጨማሪ አኃዝ ተቀጥሎበት ዐሥር አኃዝ ሆነ። ስለዚህ ስድስት አኃዝ ብቻ የተጻፈበት ታፔላ ካዩ፣ ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው ብለው ይመዝግቡ። በ09 የሚጀምር ቁጥር ካለበት ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዚያ ዓመት ነውና። በ07 የሚጀምረው ደግሞ ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ ሥራ ከጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጣ የትናንት ልጅ ነው። ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ ታፔላው አሮጌ፣ ቁጥሩ ግን በኋላ የተጨመረ ሊሆን ይችላል። ጠጋ ብለው የቀለሙን ውፍረትና የእጁን ጽሕፈት ያስተያዩ፤ ፊደሉን የጻፈው እጅና ቁጥሩን የጻፈው እጅ ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም።

ሁለተኛው መክፈቻ አጻጻፉ ነው። በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ እየተቀመጠ የተጻፈ ከሆነ አሮጌ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል፤ የዛሬው ጻፊ ባዶ ቦታ ትቶ ያልፋልና። «ቁጥር» የሚለው ቃል በ«ቍ»፣ «ኩባንያ» የሚለው በ«ኵ» ተጽፎ ካገኙት ደግሞ፣ ጻፊው ግእዝ ከቈጠረ መምህር እግር ሥር የተማረ መሆኑን ይገምቱ። በአንጻሩ «ሰላም»ን በንጉሡ ሠ፣ «ጸጉር»ን በፀሐዩ ፀ የጻፈ ታፔላ በየመንገዱ ሞልቷል። ሰላም በእሳቱ ሰ፣ ጸጉርም በጸሎቱ ጸ መጻፍ ነበረበት። የመድኃኒት ቤቶቻችንም በዚህ ረገድ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል፤ በብዙኃኑ ኀ መጻፍ የሚገባውን አንዳንዱ በሐመሩ ሐ፣ አንዳንዱ በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል። ሆኖም ታፔላ ሲገለብጡ ስሕተቱን አያርሙ፤ እንዳለ ይጻፉት። ስሕተቱ ራሱ ማስረጃ ነው። «ሬስቶራን» ብሎ ያለ «ት» የጻፈው ሰው ፈረንሳይኛውን በጆሮው ሰምቶ እንጂ እንግሊዝኛውን በዐይኑ አይቶ አለመጻፉን ይነግረናልና።

ሦስተኛው መክፈቻ አድራሻው ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ ቀበሌም ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በየአጥሩ በር ላይ «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» ከነቁጥራቸው የተጻፉባቸው ትንንሽ የቤት ቁጥር ሰሌዳዎች ተመቱ። «ክፍለ ከተማ» የሚለው አጠራር የመጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። በመሆኑም «ከፍተኛ» የሚል ያዩበት በር ወደ ደርግ ዘመን የሚያደርስ በር ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር የጨዋታ ብቻ አለመሆኑን አንድ ምሳሌ ያስረዳል። አንዲት ባልቴት ከባላቸው የወረሱትን ቤት ማስረጃ ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤት መጡ እንበል። ወረቀቱ «ከፍተኛ ይህን ያህል፣ ቀበሌ ይህን ያህል፣ የቤት ቁጥር ይህን ያህል» ይላል። ዛሬ ያ ከፍተኛ የለም፤ ያ ቀበሌም ከሌላ ጋር ተቀላቅሏል፤ ቁጥሩም ተለውጧል። በወንበሩ ላይ ያለው ወጣት ሠራተኛ ደግሞ የተወለደው ከፍተኛ ከጠፋ በኋላ ነው። «እማማ፣ ይህ ቦታ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው «እዚያው ነዋ፣ ልጄ፤ የት ይሄዳል!» ይላሉ። በዚህ ጊዜ በአጥራቸው በር ላይ የቀረችው ያች የዛገች ሰሌዳ ወረቀቱን ከመሬቱ ጋር የምታስተሳስር ምስክር ናት። ሰሌዳዋን በአዲስ ሲለውጡ አሮጌዋን ወደ ቆሻሻ የጣሉ ሰዎች ምስክራቸውን ጣሉ። አንባቢዬ በእንዲህ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጡ እንደ ሆነ፣ አዲሱን ቁጥር ሲመዘግቡ በአጠገቡ አሮጌውን መጻፍ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚወስድብዎት። ያች አንድ መስመር ግን የአንዲት ባልቴትን ሁለት ዓመት ምልልስ ልታስቀር ትችላለች።

አራተኛው መክፈቻ የመንግሥት ለውጥ ነው። በአገራችን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ቀለም ቀቢ ሥራ አያጣም። በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተከፈተው ቲያትር ከአብዮቱ በኋላ ብሔራዊ ቲያትር ሆነ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የልዑል መኮንን ትምህርት ቤት አዲስ ከተማ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የካቲት 12 የሚል ስም ወጣላቸው። መስቀል አደባባይ ለዘመነ ደርግ ያህል አብዮት አደባባይ ሆኖ ቆይቶ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ። የዕለት እንጀራ የሚያበስለውም ሰው እንደ ዘመኑ ነው የጻፈው። «የኅብረት ሱቅ» የሚል ጽሑፍ ቀለሙ ደብዝዞ በግድግዳ ላይ ቢያገኙ፣ ስኳርና ሳሙና በደብተር የሚታደሉበትን ጊዜ አስታውሶ የሚያወራልዎ ሰው በዚያው ሰፈር አይጠፋም። «ኃ.የተ.የግ.ማ.» የሚል ካለበት ደግሞ ከ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አይቀድምም፤ ስያሜው የዚያ ሕግ ነውና።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ማንም ሳይፍቀው፣ አንድ ነገር ብቻ ተጨምሮበት ትርጉሙ የተገለበጠ ምልክት ነው። ስድስት ኪሎ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ወደ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ፋሺስቶች የሠሩት ነው፤ ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ አቆሙ። ከነጻነት በኋላ ደረጃውን ከማፍረስ ይልቅ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት። አንድም ፊደል አልተጻፈም፤ ነገር ግን ያለፈ ሁሉ ያነበዋል። አንዳንድ ጊዜ ከመፋቅ መጨመር ይበልጣል የሚያሰኝ ነው።

ፊደል ሳይኖረው የሚነበብ ሌላም አለ። ከሁሉ የቆየው የአገራችን ታፔላ በእንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ወይም ኩባያ ነው። ጠላ ወይም አረቄ አለ ማለት ነው፤ ይህን ያላነበበ ጠጪ እስከ ዛሬ አልተወለደም። ሥጋ ቤቱ የበሬ ራስ፣ ልብስ ሰፊው መቀስ፣ ጸጉር አስተካካዩ ጸጉሩ በዘይት ያበጠረ ጎልማሳ፣ ጠጅ ቤቱ ብርሌ ያስሥላል። የእነዚህ ሥዕሎች መብዛት ምክንያት አለው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ከሕዝባችን አብዛኛው ፊደል ያልቈጠረ ነበረ። ነጋዴ ደግሞ ደንበኛው ፊደል እስኪቈጥር ድረስ ሱቁን ዘግቶ አይጠብቅም። በመሆኑም በጸጉር ቤት በር ላይ ያለውን ያን አንገተ ረጅም ጎልማሳ አይቶ ከመሳቅ በፊት፣ ለማን እንደ ተሣለ ማሰብ ደግ ነው።

በእጅ የተጻፈ ታፔላ ሌላም ደስታ አለው። ጻፊው መስመሩን በእርሳስ አስምሮ «ዘመናዊ የወንዶችና» ብሎ በትልልቅ ፊደል ይጀምራል። ግማሽ መንገድ ሲደርስ ቆርቆሮው እያለቀበት መሆኑን ያያል። «የሴቶች» የሚለውን ጠበብ ያደርጋል፤ «ልብስ» ላይ ሲደርስ ፊደሎቹ ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋሉ፤ «ስፌት» ደግሞ ከጥግ ላይ ወደ ታች ተንጠልጥላ ትቀራለች። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚታተመው ባነር ይህን ስሕተት አይሠራም፤ ፊደሉ ሁሉ እኩል ነው። ነገር ግን ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ቶሎ ይነጣል፤ በቆርቆሮ ላይ በዘይት ቀለም የተጻፈው ግን ባለሱቁን ቀብሮ ከልጁ ጋር የሚኖርበት ጊዜ አለ።

አስቂኞቹን ሳላነሣ ባልፍ አንባቢ ያዝንብኛል። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት ባለው መንገድ ካዩት ታፔላ አንዱን ገልብጠው እንዲያመጡ አዘዝኋቸው። አንዱ ልጅ «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይምጡ» የሚለውን ይዞ መጣ። ከዚያም እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ታፔላው ነገም እዚያው ነው፤ ታዲያ ይህ ግስ የሚፈጸመው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም የትንቢትን ጊዜ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከመጽሐፉ አላገኘሁም። ባለሱቁ የሰዋስው ሊቅ ነው፤ ደንበኛውን ሳያስቀይም ዘለዓለም ለነገ ይቀጥረዋል።

የአጥር ጽሑፎች ደግሞ የባለቤቱን ትዕግሥት መለኪያ ናቸው። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ መሽናትን የሚከለክሉትን ልብ ብለው ያስተያዩ። የመጀመሪያው ደረጃ «እባክዎን እዚህ ቦታ አይሽኑ» ይላል፤ ባለቤቱ ገና ተስፋ አልቈረጠም። ሁለተኛው «መሽናት ክልክል ነው» ይላል፤ «እባክዎን» ጠፍቷል። ሦስተኛው «መሽናት ያስቀጣል» ብሎ የብሩን ልክ ይጽፋል። አራተኛው ሰውን ትቶ ስለ ውሻ መናገር ይጀምራል። እኔ እስካየሁት ድረስ ዛቻው በበረታ ቁጥር ግድግዳው ይበልጥ ይረጥባል። በመሥሪያ ቤት ኮሪደር የሚለጠፉትም ከዚህ ብዙ የራቁ አይደሉም። «ሳይፈቀድ መግባት ክልክል ነው» የሚለው የበር ጽሑፍ አንዳንድ ጊዜ ከውስጥ ማንም በሌለበት ቢሮ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ወጣቱ ሠራተኛ አንባቢዬ ነገ ሹም ሲሆን፣ በበሩ ላይ ምን እንደሚለጥፍ ከዛሬ ጀምሮ ቢያስብበት መልካም ነው።

ታፔላው ጠፍቶ ስሙ ብቻ የቀረባቸውም አሉ። አዲሱ የባቡር መሥመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ዳር ሆነ፤ ለገሃር ግን ባቡር ሳይኖረው ለገሃር ነው። በቆዩ የከተማ ካርታዎች ላይ ፒያሳ አካባቢ የዋቬልና የካኒንግሃም ስም የተጻፈባቸው መንገዶች አሉ። ሁለቱም በ1933 ዓ.ም. ጠላትን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝን ጦር የመሩ ጄኔራሎች ናቸው፤ በዚያ መንገድ ቡናውን ከሚጠጣው ሰው ግን ስንቱ ያውቃቸዋል? የሜክሲኮን አደባባይ ስም ሁላችንም እንጠራለን። ሜክሲኮ የኢጣሊያን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለ ነበረች የተሰጠ የምስጋና ስም ነው። የእነርሱም ዋና ከተማ በምድር ውስጥ ባቡሯ «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አላት፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። እንግዲህ አንድ ታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ሲጮኽ፣ ከውቅያኖስ ማዶም «ኢትዮጵያ» የሚል ታፔላ ሥር የሚወርድ መንገደኛ መኖሩን ማወቅ መንገዱን ያሳጥራል።

አሁን ለመውጣት የተነሣ አንባቢ ካለ ጥቂት ምክር ልጨምር። እሑድ ጠዋት ይውጡ፤ ሱቁ ሲዘጋ በመዝጊያው ላይ የተጻፈው ይታያልና። ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ በጎን ስትመታ፣ በአዲስ ቀለም የተሸፈነ አሮጌ ፊደል ጥላ አውጥቶ ይነበባል። ከዝናብ በኋላም ኖራው ሲረጥብ የተደበቀው ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። በስልክዎ ፎቶ ግራፍ ያንሡ፤ ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። በደብተር ላይ ቃሉን እንዳለ፣ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የነገረዎን ሰው ዕድሜ ይጻፉ። ሺህ ፎቶ ግራፍ ያለ ቦታና ያለ ቀን ቢከማች ማንም የማይፈታው ክምር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ባለቤቱን ያስፈቅዱ። በዚህ ጊዜ በሰው በር ፊት ቆሞ ደብተር የሚያወጣ ሰው ምን እንደሚያስመስለው ያስቡ። አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ቀና ብዬ ስጽፍ አይተውኝ «ልጄ፣ ከወረዳ ነህ ወይስ ከገቢዎች?» አሉኝ። «ከሁለቱም አይደለሁም፣ አባባ፤ አስተማሪ ነኝ፤ ታፔላዎን እየገለበጥሁ ነው» ብላቸው፣ «ሊፈርስ ነው እንዴ?» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ቀልድ አልነበረም። እንደማላውቅ፣ የመጣሁትም ስለ ጽሑፉ ብቻ መሆኑን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና በርጩማ አወጡልኝ። ጽሑፉን ማን እንደ ጻፈው፣ ለጻፈው ስንት እንደ ከፈሉት፣ ቀለሙን ከየት እንዳመጣው፣ አንዱ ፊደል ለምን እንደ ጎደለ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩኝ። ለካ ታፔላውን ከሰቀሉ ጀምሮ ስለ እርሱ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር አለ። ቤቱ ይቁም ወይም ይፍረስ የሚወስነው አንባቢዬም እኔም አይደለንም። ጽሑፉ መጥፋት አለመጥፋቱ ግን በከፊል በእጃችን ነው። አንድ ተማሪ በየሳምንቱ አንድ ታፔላ ቢገለብጥ በዓመት ሃምሳ ሁለት ይሆንለታል። አንድ ክፍል አርባ ተማሪ ካለው ከሁለት ሺህ ይበልጣል፤ ይህም የአንድ ሰፈር ሙሉ መዝገብ ነው። ለዚህ ደግሞ በጀት አይጠየቅም፤ ኮሚቴም አይቋቋምም።

በሚመጣው እሑድ ከቤትዎ ሲወጡ መኪናውንና ጉድጓዱን ከተመለከቱ በኋላ ቀና ይበሉ። ያገኙትን፣ በተለይም የቆየውንና የሚያስቀውን፣ ከነስሕተቱ ገልብጠው ለዚህ ዓምድ ይላኩልን። ባለቤቱን አስፈቅደው መጻፍዎን ግን አይርሱ። ቸር ይግጠመን።